«ደህና ነኝ» ስትይኝ

እንዴት ሰነበትሽ የኔ እናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ ፈተናውን ጨርሶ እፎይ ብሏል። ቅዳሜ ማታ ከእሱ ጋር ዩቲዩብ ላይ አንድ የናይጄሪያ ፊልም አየን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስልክ የማልችለው ነገር ስለሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ስለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። አንዲት ልጅ አለች፣ 11 ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ አጭር ተቆርጧል፤ እዚያ ብዙ የሴቶች ትምህርት ቤት ደንቡ እንደዚያ ነው አሉ። እናቷ የብረት ሳጥን ታዘጋጅላታለች። ሳሙና፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ደግሞ አንድ ከረጢት ነጣ ያለ ዱቄት። «በሶ ነው እንዴ?» አልኩት ወንድምሽን። ስልኩን ጎርጉሮ አገኘው። ጋሪ ይሉታል። የካሳቫ ስር ተፍቆ፣ ቦክቶ፣ ውሃው ተጨምቆ ይቆላል። የአዳሪ ልጆች በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠብጡታል፤ ስኳርና ኦቾሎኒ ጣል ያደርጉበትና በማንኪያ ይበሉታል። እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ሆድ ይይዛል። ያው በሶ ነው እኮ! ሴትየዋ ሳጥኑን ስትቆልፍ የራሴን እጅ ያየሁ መሰለኝ።

በናይጄሪያ አንደኛ ደረጃ 6 ዓመት ነው። ከዚያ 3 ዓመት ታችኛው፣ 3 ዓመት ላይኛው ሁለተኛ ደረጃ ይቀጥላል። በእኛ ቆጠራ የ7ኛ ክፍል ሕፃንና 12ኛ ክፍል የደረሰች ወጣት አንድ ግቢ ውስጥ ያድራሉ ማለት ነው። ትንሿ ትልቋን በስሟ ብቻ አትጠራትም፤ «ሲኒየር እገሊት» ማለት አለባት። ውሃ ትቀዳላታለች፣ ልብሷን ታጥብላታለች። ካጠፋች ተንበርክካ እጇን ወደ ላይ መያዝ ነው። «የትምህርት ቤት እናት» የሚሉትም ነገር አለ። አንዷ ትልቅ ተማሪ አንዷን ትንሽ እንደ ልጇ ትይዛታለች። ደግ ሰው ከገጠማት ትልቅ ከለላ ነው። ይቺ ልጅ ግን ደግ ሰው አልገጠማትም። ሲኒየሯ ሳጥኑን እያስከፈተች ጋሪውን በሁለት ሳምንት ጨረሰችው።

የወላጅ መጠየቂያ ቀን ደረሰ። እናቷ ጆሎፍ ይዛ መጣች፤ በቲማቲምና በቃሪያ የሚሠራው ቀይ ሩዝ ነው። ልጅቷ ሳታኝክ ትውጣለች። ይሄኔ ሲኒየሯ መጣችና እናትየዋን ተንበርክካ ሰላም አለቻት። የዮሩባ ብሔረሰብ ሴት ልጅ ታላቅ ሰው ሰላም የምትለው ተንበርክካ ነው። ትናንት ያችን ሕፃን ያንበረከከች ልጅ ዛሬ እናቷ እግር ስር ተንበርክካለች፣ እናትየዋም «እንደ እህቷ ሁኚላት» ብላ ትመርቃታለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «የሚያስቸግርሽ ሰው አለ?» «የለም እማ፣ ደህና ነኝ።»

እዚህ ላይ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ወንድምሽ ሻይ ላፈላ የሄድኩ መስሎታል።

ይህን ነግሬሽ አላውቅም። እኛ አገር 9ኛ ክፍል ስላልነበረ ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ነው የተማርኩት። ማን ቤት እንደሆነ አልጽፍም። ንጋት ላይ ከቦኖ ውሃ ቀድቼ፣ ቤት ጠርጌ፣ ቡና አፍልቼ ነበር ክፍል የምገባው። ማታ ላጥና ስል «ጋዝ ታባክኛለሽ» ተብሎ ኩራዙ ይጠፋብኛል። አያትሽ በወር በወሩ በገበያ ቀን ጤፍ በአህያ ጭኖ ይመጣል። «እንዴት ነሽ ልጄ?» ይለኛል። የቤቱ እመቤት ከጎኔ ቆማለች። «ደህና ነኝ አባዬ» እላለሁ። ሴትየዋን መርቆ፣ አህያውን እየነዳ ይመለሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር።

የፈራሁት ሴትየዋን አልነበረም። አባቴ እውነቱን ካወቀ ወደ ቤት ይመልሰኛል፣ ትምህርቴም እዚያው ያበቃል ብዬ ነው። የፊልሟ ልጅም ያስጨነቃት ይኸው ነው። የተከፈለላትን ገንዘብ ታውቃለች።

መጨረሻውን ግን አልወደድኩትም። ርዕሰ መምህሯ ሲኒየሯን ሰልፍ ላይ አዋረደቻት፣ ተማሪው አጨበጨበ፣ አለቀ። እሷም እኮ አንድ ጊዜ ውሃ የምትቀዳ ትንሽ ልጅ ነበረች። እሷን ማን እንዲህ አደረጋት? ያንን ቢያሳዩን ምን ነበረበት?

የወደድኩት የሌሊቱን ነው። መብራት ጠፍቷል። አንዷ የተረፋትን ጋሪ፣ አንዷ ስኳር፣ አንዷ ኦቾሎኒ አዋጥተው ከአንድ ሳህን በሹክሹክታ ይበላሉ። አንዷ ሃውሳ፣ አንዷ ኢግቦ፣ አንዷ ዮሩባ ናት። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1966 በሶኮቶ፣ በዋሪና በኦክፖሲ ከተሞች አዳሪ ትምህርት ቤቶች የከፈተው የየብሔረሰቡ ልጆች አብረው እንዲያድጉ ብሎ ነበር። በዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነት ገቡ። ትምህርት ቤቶቹ ግን ዛሬም አሉ፤ ቁጥራቸውም ከ100 በላይ ሆኗል። አንቺም አሁን ከየክልሉ ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ዶርም ታድሪያለሽ። ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፊልኝ፣ በጸሎቴ ልጥራቸው።

ባለፈው እሁድ ስደውልልሽ ሦስት ጊዜ «ደህና ነኝ» አልሽኝ። ሦስተኛውን ሳልጠይቅሽ ነው ያልሽው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ የራሴ ነው። ተሳስቼ ከሆነ እሰየው። ካልተሳሳትኩ ግን ይህን ያዢልኝ፦ ምንም ብትነግሪኝ ከትምህርትሽ አላስወጣሽም። አባትሽም እንደዚያው ነው፣ ተነጋግረናል።

ሐሙስ በአውቶቡስ በሶ እልክልሻለሁ። ስኳሩን ለብቻው ቋጥሬዋለሁ። ለዶርሙ ልጆች ሁሉ እንዲበቃ አድርጌ ነው ያዘጋጀሁት፣ ሳትቆልፊ አብራችሁ ብሉት። አጠገብሽ ሰው ኖሮ መናገር ካቃተሽ «በሶው አልቋል» ብለሽ ብቻ ላኪልኝ። በማግስቱ መናኸሪያ ነኝ። በሶው በእውነት አልቆ ከሆነም ምንም አይደል፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።

እናትሽ