እበቱ ወደ ማሳው ይመለስ፦ ከጮቄ ተራራ ሥር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የምሥራቅ ጎጃሟ የስናን ልጆች፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ባሕር ዳር፣ አሜሪካም ሆናችሁ ዓረብ አገር፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ልጅ ሳለን ስንዴ ሲወዛወዝበት ያየነው ማሳ ዛሬ እንግዶ፣ ያ የአጃ ዓይነት እህል፣ ነው የሚዘራበት። አፈራችን ኮምጣጣ (አሲዳማ) ሆኗልና፤ እንግዶ ኮምጣጣ አፈር ይችላል፤ ስንዴና ገብስ አይችሉም። አገራችን ተዳፋት ነው፣ ዝናቡም ብርቱ ነው። የአፈሩን ሲሳይ እያጠበ ወደ ዓባይ ያወርደዋል። ዩሪያ ብቻውን በየዓመቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስ ይኮመጥጣል። ኮምጣጣ አፈር ፎስፈረስን አንቆ ይይዛል። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ሰብሉ ሳይቀምሰው እዚያው ይቀራል። ይህ ያንገበግባል።

መድኃኒቱ አልጠፋም። የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚያበርደው ኖራ እዚሁ ደጀን ይፈጫል። ትል እበትን በልቶ የሚሠራው ብስባሽ፣ የትል ኮምፖስትም በሁለት ሦስት ወር ይደርሳል። ታዲያ ገበሬው ለምን አይጠቀምም? ኖራ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፤ መኪና ካራገፈበት እስከ ማሳው በአህያ ነው። እበቱ ደግሞ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ሌላ ማገዶ የለማ! እናቶቻችን በምን ይጋግሩ? ይህን ሳናስብ «ኮምፖስት አዘጋጁ» ማለት ወሬ ብቻ ነው።

በእድራችን የመከርነው እንዲህ ነው። ዘንድሮ 20 አባወራዎችና እማወራዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ያህል) ብቻ ይሞክሩ። የቀረውን እንደለመዱት ያርሱ። ማዳበሪያውንም ባንዴ ተዉ አንልም፤ ልጆች የሚያሳድጉበትን መሬት ለሙከራ አስይዙ ማለት ግፍ ነው። እናንተ የምትሰጡት ለኖራውና ለማጓጓዣው፣ ለየቤቱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እና ለትሉ ቤት ይውላል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምድጃው ነው፤ ኩበት ሲቀንስ እበቱ ለትሉ ይተርፋል። የትሉ ቤት ብዙ አይፈልግም፤ የቆርቆሮ ጥላና የሽቦ አጥር ይበቃዋል። ትል ፀሐይ አይወድም፣ ዶሮም ካገኘችው አትምረውም።

ገንዘብ ያላችሁ በእድሩ የባንክ ሒሳብ አስገቡ። ቆርቆሮ ወይም ሽቦ ያላችሁም አትናቁት፣ ላኩልን። የአንድ ኩንታል ኖራ ዋጋ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ደረሰኙ በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ፊት ይነበባል፤ ሩቅ ላላችሁም ፎቶው ይላክላችኋል። ጉልበቱ ከእኛ ነው፣ በደቦ እንወጣዋለን።

ኖራ ዘር ከመዘራቱ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። እባካችሁ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረሱልን።