ሃይዱክን በአራት መስመር አትሸኙት

ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፤

የክሮኤሺያን ክለቦች ባስተዋወቃችሁበት ጽሑፍ ለዲናሞ ዛግሬብ ሰፊ ቦታ ስትሰጡ ሃይዱክ ስፕሊትን በአራት መስመር አልፋችሁታል። ከአራቱም ሁለቱ የዋሉት ክለቡ ከ2005 ወዲህ የሊግ ዋንጫ አለማንሳቱን ለመንገር ነው። ሐሰት ነው አልልም። አገሪቱ ከዩጎዝላቪያ ተለይታ ራሷን ከቻለች ወዲህ ሃይዱክ ያገኘው የሊግ ዋንጫ ስድስት ብቻ ስለሆነ በዚህ በኩል ከዲናሞ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ስፕሊት ነዋሪዋ 160 ሺህ ገደማ የሆነ የወደብ ከተማ ናት፤ የክለቡ አባላት ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው። ሃያ ዓመት የሊግ ዋንጫ ያላየ ክለብ ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጣው? ጽሑፋችሁ ይህን ሳይጠይቅ በማለፉ ነው ብዕር ያነሳሁት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይዱክ የተጠነሰሰው ስፕሊት ውስጥ ሳይሆን ፕራግ ውስጥ፣ «ኡ ፍሌኩ» በሚባል ቢራ ቤት ነው። በ1911 መጀመሪያ ለትምህርት ወደዚያ የሄዱ የስፕሊት ልጆች የፕራግ ክለቦቹን የስላቪያንና የስፓርታን ጨዋታ አይተው፣ የእኛስ ከተማ ለምን ክለብ አይኖራትም ተባባሉ። ስሙን ያወጣላቸው ዮሲፕ ባራች የተባሉ መምህር ነበሩ። ሃይዱኮች በኦቶማን ቱርክ ላይ ሸፍተው ዱር የገቡ ሰዎች ናቸው፤ ከተማዋ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ሥር በነበረችበት ጊዜ ክለብን በእነሱ ስም መጥራት እንዲያው ለጌጥ የተደረገ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጁን ላይ በመጀመሪያ ጨዋታው የጣልያን ደጋፊዎቹን ወገን ክለብ፣ ካልቾ ስፓላቶን፣ 9 ለ 0 ረመረመው። የመጀመሪያዋን ግብ ሺሜ ራውኒግ በጉልበቱ ነው ያስገባት ይባላል።

ዋናው ታሪክ ግን የጦርነቱ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በተነጠቀችበት በዚያው በኤፕሪል 1941 ስፕሊትን ያዘች። ገዢዎቹ ሃይዱክን በደስታ ነበር የተቀበሉት፤ ስሙን ወደ ስፓላቶ ቀይሮ በጣልያን ከፍተኛ ሊግ እንዲጫወት ጋበዙት። ዛሬ ማንኛውም የባልካን ክለብ ሴሪ አ ግባ ቢባል በሩጫ ይሄዳል። ሃይዱክ እምቢ ብሎ መጫወቱን አቆመ። በ1943 ጣልያን እጅ ስትሰጥ ከናዚ ጋር ያበረው የክሮኤሺያ መንግሥት ደግሞ በራሱ ውድድር እንዲገባ ጠየቀው፤ አሁንም እምቢ አለ። በ1944 ተጫዋቾቹ ተደብቀው በባሕር ወደ ቪስ ደሴት፣ በኋላ የዩጎዝላቪያ መሪ በሆነው በቲቶ ሥር ናዚንና ፋሺስትን ይዋጉ ወደነበሩት ፓርቲዛኖች ጦር ሰፈር፣ ተሻገሩና ሜይ 7 ቀን ክለቡ እንደገና ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ጋር እየተጋጠመ ጣልያንን፣ ማልታን፣ ግብጽን፣ ፍልስጤምን፣ ሊባኖስንና ሶሪያን ዞረ። ባሪ ላይ ከ40 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት በእንግሊዝ ጦር ምርጥ ቡድን 7 ለ 2 ተሸንፏል፤ ያኔ ግን ውጤቱን ከቁም ነገር የቆጠረው ያለ አይመስለኝም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሥልጣን የያዙት ወዳጆቹ ፓርቲዛኖችም በተራቸው ጥያቄ አቀረቡ፤ ዋና ከተማዋ ቤልግሬድ ግባና የጦር ሠራዊቱ ክለብ ሁን ተባለ፣ እኛ ዘንድ መቻል እንደሆነው ማለት ነው። ሃይዱክ ከስፕሊት አልወጣም፤ ለሠራዊቱ ፓርቲዛን የተባለ ክለብ ተመሠረተ። ስንትና ስንት የዩጎዝላቪያ ክለቦች ፈርሰው በሌላ ስም ሲቋቋሙ ሃይዱክ ስሙን እንደያዘ ቀጠለ።

ስለ ደጋፊዎቹ አንድም ቃል አለመጻፋችሁ ከሁሉም በላይ ገርሞኛል። ቶርሲዳ በአውሮፓ ቀደምቱ የተደራጀ የደጋፊዎች ማኅበር ነው። በኦክቶበር 1950 ዛግሬብ ይማሩ የነበሩ የዳልማቲያ (የስፕሊት አካባቢ) ተማሪዎች በዚያ ዓመት የዓለም ዋንጫ ስለታዩት የብራዚል ደጋፊዎች ሰምተው አቋቋሙት፤ ስሙንም ከእነሱ ወሰዱ። በማግስቱ ሃይዱክ የቤልግሬዱን ሬድ ስታር 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ጥሩምባውና ጩኸቱ ጉድ አሰኘ። ገዢው የኮሙኒስት ፓርቲ ግን ነገሩን በጥርጣሬ አየው፤ ከአደራጆቹ መካከል የታሰረ ነበር። ክለቡ በዚያ ውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የዩጎዝላቪያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በጠቅላላው በዩጎዝላቪያ ዘመን ዘጠኝ የሊግ ዋንጫ ወስዷል፤ ጽሑፋችሁ እነዚህን አልቆጠራቸውም።

የፖልዩድ ስታዲየምን ፎቶ ግን አውጥታችኋል፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። አርክቴክት ቦሪስ ማጋሽ የነደፈው፣ በ1979 ለሜዲትራኒያን ጨዋታዎች የተሠራ ውብ ሜዳ ነው። በሜይ 4 ቀን 1980 ሃይዱክና ሬድ ስታር እዚያ ሲጫወቱ በ41ኛው ደቂቃ የቲቶ ሞት ተነገረ፤ ጨዋታው ቆመ፣ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ አለቀሱ፣ ሕዝቡም ለቲቶ ዘመረ። አሥር ዓመት ቆይቶ በሴፕቴምበር 1990 ሃይዱክ በፓርቲዛን 2 ለ 0 ሲመራ ደጋፊው እዚያው ሜዳ ጥሶ ገባ፤ የዩጎዝላቪያ ባንዲራም ተቃጠለ። የዩጎዝላቪያ ፌዴሬሽን እንዴት እንደፈረሰ ለማስረዳት ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ እኔ ግን ሰው ሲጠይቀኝ እነዚህን ሁለት ጨዋታዎች ነው የምነግረው። በሜይ 1991 ደግሞ የክሮኤሺያ ክለቦች የተካፈሉበትን የመጨረሻውን የዩጎዝላቪያ ዋንጫ ቤልግሬድ ላይ ሬድ ስታርን 1 ለ 0 አሸንፎ ወሰደ፤ ያ የተሸነፈ ቡድን በዚያው ወር መጨረሻ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ግቧ የአለን ቦክሺች ነበረች።

ከሜዳ ላይ ስኬቶቹ ጥቂቱን ብቻ ልጥቀስ። በ1995 የቻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ ያሰናበተው በኋላ ዋንጫውን የወሰደው አያክስ ነው። በ1998 የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ከወጣው የክሮኤሺያ ቡድን ቢሊች፣ ያርኒ፣ ሽቲማችና አሳኖቪች በሃይዱክ ያለፉ ናቸው። ሉካ ሞድሪችን ግን በልጅነቱ ሰውነቱ ደቃቃ ነው ብሎ የመለሰው ይኸው ክለብ ነው፤ ዲናሞ ወሰደው። የስፕሊት ሰዎች ይህን ማስታወስ አይወዱም።

ወደ አባላቱ ልመለስ። ክለቡ በዕዳ ተዘፍቆ በ2012 ሊከስር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያዳነው ቱጃር አይደለም፤ ከተማዋ ለብድሩ ዋስ ሆነች፣ ደጋፊውም ከዚያ በፊት ክለቡን ከፖለቲከኞች ሹመት ለማላቀቅ መደራጀት ጀምሮ ነበር። ከ2011 ጀምሮ «ናሽ ሃይዱክ» በተባለው ማኅበር በኩል አባላት የተቆጣጣሪ ቦርዱን ይመርጣሉ፤ ለሁሉም እኩል አንድ ድምፅ። አብላጫው አክሲዮን የከተማዋ ቢሆንም ማኅበሩ ራሱም ድርሻ ይዟል። በ2014 ዛግሬብ ላይ ከዲናሞ ጋር ሊጫወቱ ሄደው ከደጋፊዎቻቸው የተወሰኑት እንዳይገቡ ሲከለከሉ ተጫዋቾቹ ሜዳ አልገባም አሉ። በፎርፌ 3 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስፕሊት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አደባባይ ወጥቶ ደገፋቸው። የ1941ን እምቢታ ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም።

ቶርሲዳን መልአክ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። ርችትና ድብድብ ክለቡን ብዙ ቅጣት አስከፍሎታል፤ ያንን «የስሜት ብዛት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። የአባላት ምርጫም የሊግ ዋንጫ አላመጣም። ጥሩ ወጣት ሲወጣ ይሸጣል፤ በ2023 ማንችስተር ሲቲንና ሚላንን ጥሎ ለአውሮፓ ወጣቶች ሊግ ፍጻሜ የደረሰው ቡድን ፍጻሜው ላይ በአዜድ አልክማር 5 ለ 0 ተሸንፏል። በዚያ ላይ በ2025 ዲናሞ ዋንጫውን ሲያጣ የወሰደው ሪየካ እንጂ ሃይዱክ አይደለም። ያም ሆኖ እኔ ከሁለቱ ክለቦች አንዱን ለአንባቢ አስተዋውቅ ብባል ሃይዱክን ነው የምመርጠው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። ያ የቦርድ ምርጫ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ማን ለመወዳደር እንደሚችል፣ አባሉ የሚከፍለው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል አንድ ሰፋ ያለ ጽሑፍ አውጡልን፤ የዝውውር ወሬውን ለአንድ ሳምንት ብታሳጥሩት ቦታ ይገኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ