ሽምብራውን በጆንያ አትሸኚው

አዲስ አበባ፣ ግንፍሌ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

የመመረቂያ ሥራሽን በጥራጥሬ ፕሮቲን ላይ እንደምታደርጊው ስትነግሪኝ ደስታዬን በስልክ መናገር አቃተኝ። እህል በረንዳ ጥራጥሬ እየሸጥኩ ነው ያሳደግኳችሁ። ስለዚህ «አባዬ፣ ይሄ ነገር ገበያ አለው?» ላልሽኝ ረጋ ብዬ ልመልስልሽ።

ገበያውስ አለ። ፈረንጅ አገር ሥጋ የሚቀንሰው ሰው በርክቷል፤ አንዱ ለጤናው፣ አንዱ ለአየር ንብረቱ፣ አንዱ ለእንስሳቱ ብሎ። ፋብሪካዎቹ ከአተርና ከአኩሪ አተር ፕሮቲኑን እያወጡ በርገር፣ ወተት፣ ፓስታና የስፖርተኛ ዱቄት ይሠሩበታል። ቢዮንድ ሚት የሚባለው ኩባንያ በአተር ፕሮቲን ነው ስም ያወጣው። በፈረንጆቹ 2019 አክሲዮኑ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ጣራ ነካ፤ በኋላ ግን ክፉኛ ወረደ። በርገሩ ሞቅ ብሎ ቀዝቀዝ አለ። ፕሮቲኑን ግን ዳቦ ጋጋሪውም፣ የሕፃናት ምግብ የሚሠራውም ይፈልገዋል። ስለዚህ ሥራሽን በርገር ላይ አታንጠልጥይው።

እህሉ እጃችን ላይ ነው። ባቄላ በማምረት ከቻይና ቀጥሎ የምንጠራው እኛ ነን። በሽምብራ ከአፍሪካ የሚቀድመን የለም። ከባቄላ ከመቶው 26 ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ከምስር 25 ገደማ፣ ከሽምብራ 20 ገደማ። አኩሪ አተር ሁሉንም ይበልጣል፣ እስከ 40 ይደርሳል። እሱ ከፓዌና ከወለጋ በኩል ይመጣል። ሽምብራው ከአድአ፣ ከግምብቹና ከምንጃር፣ ማሾው ደግሞ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ።

እኔን የሚያንገበግበኝ አላላኩ ነው። በጆንያ ገብቶ በጆንያ ይወጣል። እናበጥራለን፣ ድንጋዩን እንለቅማለን፣ ትልቁን ከትንሹ እንለያለን፣ በቃ ይጫናል። ካናዳን ተመልከቺ። አተርና ምስር ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። እሷ እንኳ በጥሬው መላክ ብቻ አልበቃትም፤ ሮኬት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2021 ማኒቶባ በሚባለው ግዛቷ ውስጥ ትልቅ የአተር ፕሮቲን ፋብሪካ ከፍቷል። ትርፉ ያለው እዚያ ፕሮቲኑን ከእህሉ መለየቱ ላይ ነው።

ስለ መለየቱ አንቺ ትምህርቱን ታውቂዋለሽ። እኔ እንደገባኝ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ክኩን አልሞ ፈጭቶ በነፋስ መለየት ነው፤ እናትሽ በሰፌድ እብቁን ከፍሬው እንደምትለየው፣ ቀላሉ የፕሮቲን ዱቄት ከከበደው ስታርች (ኃይል ሰጪው የእህሉ ክፍል) ይለያል። ሁለተኛው በውኃ ነው። ፕሮቲኑን አሟሙተው፣ በአሲድ አዝቅጠው ያደርቁታል። ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ንጹሕ ፕሮቲን ይወጣዋል። ግን ውኃ ይጠጣል፣ መብራት ይበላል፣ ፍሳሹም ራስ ምታት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር እኔ ብሆን በነፋሱ እጀምራለሁ። ፕሮቲኑ ያንሳል፣ ከ50 እስከ 60 ቢሆን ነው፤ ወጪውም አብሮ ያንሳል።

ደግሞ ስታርቹን አትርሺ። የአተር ግማሽ ያህሉ ስታርች ነው። ፕሮቲኑን ሸጠሽ ስታርቹ መጋዘን ከተቆለለብሽ ከሰርሽ። ለልጣጩ አትጨነቂ፤ ወተት የሚያልቡት ለከብቶቻቸው ይወስዱልሻል። ለስታርቹ ግን ገዢውን ከማሽኑ በፊት ፈልጊ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመልስሽ። ወፍጮ ቤት ተራ ላይ ብትቆሚ ይገባሻል። ከፊትሽ ያለችው ሴት የሽሮ እህሏን ከእነ ኮረሪማው በፌስታል ይዛለች። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55ቱ ቀን አለ፤ ለጿሚው ቤት ሥጋውም እንቁላሉም ይሄው ሽሮ ነው። ያውም እንጀራው የጎደለውን እየሞላለት። ጤፍ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ በላይሲን የታወቀ ነው። ጥራጥሬ የሚጎድለውን ሜቲዮኒን የሚባል ሌላ የፕሮቲን ክፍል ጤፉ ይሰጠዋል። የእህሉ ዋጋ ሲወጣ የዚያች ሴት ሽሮ ይቀጥናል፤ ልጆቿም ፕሮቲኑን ያጡታል። አንድ ቀን ፋብሪካ ብትከፍቺ ከእሷ ድስት እየቀነሰ እንዲሠራ አልፈልግም። እውነቴን ነው።

መፍትሔው እርሻው ላይ ነው፤ ምርቱ መጨመር አለበት። ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ አረርቲ ያሉ የሽምብራ ዘሮች አሉ። ሽምብራ እንደሆነ ክረምቱ ሲወጣ መረሬ መሬት ላይ ተዘርቶ በቀረችው እርጥበት የሚደርስ እህል ነው። አንድ ቀን ከገበሬ ጋር ማሳ ውረጂ። ሥሩን ከነአፈሩ ንቀይና እባጮቹን በጥፍርሽ ሰንጥቂያቸው። ውስጣቸው ቀላ ካለ እባጮቹ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ለእህሉ ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጂን ከአየር እየያዘ ነው ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ላይ የሚዘራው ጤፍ ወይም ስንዴ ይጠቀማል። ከነጣ ወይም ከገረጣ ግን እየሠራ አይደለም፤ ዘሩን በባክቴሪያው አሽቶ መዝራትን የሚያስተምረው ሰው ያስፈልጋል። ገበሬው ይህን ካላገኘ አንቺም የምትፈጪው አታገኚም።

ከነቀዝም ተጠንቀቂ። በተለይ ሽምብራና ማሾ ላይ አይጣል ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሁለት ወር ዘንግተሽው ስትመለሺ ፍሬው ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። አየር የማያስገባው ድርብ ከረጢት ዋጋው ትንሽ ወደድ ይላል እንጂ ያዋጣል።

በቅዳሜው አውቶቡስ ናሙና እልክልሻለሁ፤ ነጭ ሽምብራ፣ ቀዩ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር፣ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ኪሎ። የመጡበትን ወረዳ ከረጢቱ ላይ ጽፌበታለሁ፤ እንዳታቀላቅያቸው። ላቦራቶሪ ስትለኪያቸው የእያንዳንዱን ፕሮቲን ጽፈሽ ላኪልኝ። ገበሬዎቹ እየጠየቁኝ ነው፣ ልነግራቸው እፈልጋለሁ። እናትሽ ሽሮ ጨምራበታለች።

አባትሽ