ውጤት ለማወቅ ብላችሁ ደም አትለግሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ ሸዋበር ልብስ ሰፊ ነኝ። ደም መለገስ ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰሞኑን አንድ ወጣት ደንበኛዬ «ኤችአይቪ ልመርመር ማለት ያሳፍረኛል፤ ደም ብሰጥ በዚያው ይነግሩኛል» ሲለኝ ክው አልኩ። «አብሽር፣ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ነፃ ነው» አልኩት።

የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። በሽታ የተገኘበት ይወገዳል። ግን ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ በገባ ሰሞን ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ያ ደም ንፁህ ተብሎ ስትወልድ ብዙ ደም ለፈሰሳት እናት ሊሰጥ ነው! አንዱ ከረጢት ደግሞ ቀይ የደም ሴል፣ ፕላዝማና ፕላትሌት ተብሎ ስለሚለያይ ከአንድ ሰው በላይ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ለበሽታ ተጋልጠን እንደሆነ ለማወቅ ከመለገስ በፊት ያለው መጠይቅ እንደ ምርመራው ሁሉ ሕይወት ያድናል። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ድንኳን ተጥሎ ሰው ሲሰለፍ ጥያቄው በሰው መሀል ሲጠየቅ ማየቴ ነው። ጓደኛው አጠገቡ ቆሞ ስለ መኝታው እውነቱን የሚናገር ማን አለ? እባካችሁ፣ ቢያንስ መጋረጃ ይጋረድ። ባለሙያውም «ልትመረመር ብለህ ነው የመጣኸው?» ብሎ በግልጽ ይጠይቅ። ለዚህ የሚሆን ጨርቅ ካስፈለገ እኔ በነፃ እሰፋለሁ።

ልብስ ሰፊዋ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ