የአቤል መርፌ እንዳይቋረጥ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እማዬን ወገቧን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የስቶክሆልም ብርድ ግን ገና አልለቀቀንም።

«ልጄ አቤል ድኖ ኳስ እየተጫወተ በየወሩ መርፌ ለምን?» ስትዪኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠና በቅጡ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። የምሠራው የልብ አልትራሳውንድ ክፍል ስለሆነ የማየውን ልጻፍልሽ።

ልብ የተጨበጠ እጅ የሚያክል ጡንቻ ነው። ቀኙ ደሙን ወደ ሳንባ ይልካል፣ ግራው ከሳንባ የተመለሰውን ለመላ አካላችን ይረጫል፤ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ አራት ቫልቮች አሉት። የአቤል ጉዳይ በግራ በኩል ያለው፣ ሚትራል የሚሉት ነው። ሁለት ስስ ክንፎቹ እንደ ድንኳን በቀጫጭን ገመዶች ተወጥረዋል። ጤነኛው ሲከፈትና ሲገጥም አይቼ አልጠግብም! የተጎዳው ጫፉ ወፍሮ አልገጥም ይላል፤ ወደ ኋላ የሚያፈሰው ደም ማሽኑ ላይ በቀለም ይታያል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያሳምም፣ የአንዳንድ ልጆች ሰውነት እሱን እዋጋለሁ ብሎ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ ያጠቃል። ያኔ የአቤል ጉልበት ያበጠው በዚህ ነው። ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ ባገረሸ ቁጥር ቫልቩ ይጠባሳል፣ ጠባሳውን ደግሞ መድኃኒት አይሽረውም። መርፌው፣ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የሚሉት መድኃኒት፣ የተጎዳውን አይጠግንም፤ ሌላ ጉዳት እንዳይደርስ ነው የሚጠብቀው። በሰውነቱ ውስጥ ከአራት ሳምንት ብዙም ስለማያልፍ በየወሩ ይወጋል። ደህና መስሎ መታየቱ እንዳያዘናጋሽ፤ ቫልቩ ሲጎዳ ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። መቼ እንደሚያቆም የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው።

መርፌው እንደሚያም፣ ሲያለቅስ አንጀትሽ እንደሚላወስ አውቃለሁ። ግን ቫልቩ ክፉኛ ከተበላሸ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ስንት እናቶች ወረፋ እንደሚጠብቁ አንቺም ታውቂያለሽ።

ደግሞ ጉሮሮዬን አመመኝ ካለሽ፣ ማንም «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ቢል እሺ እንዳትይ። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ ደም ያፈሳል እንጂ። የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ የልቡን ታሪክም ንገሪያቸው።

የቀጠሮ ካርዱን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ቀኑ ሲደርስ እኔም እየደወልኩ አስታውስሻለሁ። የመርፌውንና የትራንስፖርቱን ብር በዚህ ሳምንት እልካለሁ። እማዬን ሳሚልኝ።

ናፋቂ እህትሽ