ውኃ ያረገዘ መሬት፦ የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ 21 አባላት ነበሩት። የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 7 ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሦስት እየሆንን ስንሠራ ከረምን። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ጽሑፍ መጻፍና ሠንጠረዥ መሥራት ተለማመድን። የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብም ወደ ኮምፒውተር አስገባን። እሱ በደንብ ስላለቀ ብዙ አልልበትም። ልነግራችሁ የምፈልገው የሁለተኛውን መንፈቅ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ድዋርፍ ፎርትረስ የሚባል ጌም ጀመርን። የሠሩት ታርን እና ዛክ አዳምስ የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። ለሕዝብ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ነው። ሥዕሉ በፊደልና በምልክት የሆነው ቅጂ በነጻ ይገኛል፤ ለእኛ አሮጌ ኮምፒውተሮችም አይከብድም። ጌሙ ሲጀመር 7 ድንክዬዎች ይሰጣችኋል። መሬት ቆፍረው፣ አርሰውና አንጥረው ከተማ እንዲመሠርቱ ታዝዟቸዋላችሁ። አንዲት እናት መጥተው «መምህር፣ ልጆቻችንን ጌም ሊያስለምዱብን ነው?» ብለውኝ ነበር። ቅዳሜ መጥተው እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። መጡ፤ እስከ መጨረሻውም ተቀመጡ።

ችግሩ የጀመረው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ድንክዬዎቹ ደረጃ እየቆፈሩ ሲወርዱ «እርጥብ ድንጋይ ተገኝቷል፤ ቁፋሮው ተሰርዟል» የሚል መልእክት መጣ። እንደገና አዘዝናቸው። አሁንም ቆሙ። በግድ ስናስቆፍራቸው ጉድጓዱ ወዲያው በውኃ ተሞላ። የከርሰ ምድር ውኃ ያዘለ ንብርብር ላይ ደርሰን ነበር። ልጆቹ «ውኃ ያረገዘ መሬት» አሉት፤ ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ ስሙ ይኸው ሆነ። ጌሙ ውስጥ እንዲህ ያለው መሬት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀስ ብሎ ያንጠባጥባል፤ ቶሎ ግድግዳ ከሠራችሁለት ይገታል። ሌላው በጎርፍ መልክ ይመጣል። የእኛ ዕጣ ይኸኛው ነበር።

የውኃው ጥልቀት ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር ይታያል። 7 ማለት እስከ አፉ ሞልቷል ማለት ነው። 4 ሲደርስ ሠራተኞቹ አይገቡበትም። ስለዚህ ፓምፕ መሥራት ነበረብን። የጌሙ ፓምፕ ትልቅ ጠምዛዛ ብሎን፣ ቱቦና አንድ ብሎክ ይፈልጋል። ሦስቱንም አናጢው ከእንጨት ይሠራቸዋል። ጌሙ መሬቱን በፎቅ በፎቅ ከፍሎ ያሳያል፤ ፓምፑ ከሥሩ ካለው ፎቅ ውኃ ይስብና እሱ ባለበት ፎቅ በሌላው ጎኑ ይተፋል። አንድ ድንክዬ በእጁ ሊያዞረው ይችላል።

ይህ ጠምዛዛ ብሎን እንዴት ውኃ ሽቅብ እንደሚያወጣ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አልገባውም ነበር። የአርኪሜዲስ ብሎን የሚሉት የጥንት የውኃ መሳቢያ መሣሪያ መሆኑን ነግሬው አልረካም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳፋ፣ የመጥረጊያ እንጨትና ሁለት ሜትር ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይዞ መጣ። ቱቦውን እንጨቱ ላይ ጠመጠመውና በፕላስተር አሰረው። የእንጨቱን ጫፍ ሳፋው ውስጥ አስገብቶ፣ ዘንበል አድርጎ ማዞር ጀመረ። በእያንዳንዱ ዙር የቱቦው አፍ አንድ ጉንጭ ውኃ ይቀዳል። ያ ውኃ በሚቀጥለው ዙር አንድ ጥምዝ ከፍ ይላል። ከብዙ ዙር በኋላ ከላይኛው ጫፍ ጠብ አለ። የተቀመጠለት ሃይላንድ እስኪሞላ ድረስ ማንም ወደ ኮምፒውተሩ አልተመለሰም። እኔም ብሆን።

ጌሙ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ፓምፓችን አልረዳንም። የተፋውን ውኃ ሜዳው ላይ ለቀቅነው፤ ዞሮ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ፓምፕ አዟሪው ደክሞት ሊተኛ ሄደ። ውኃው ከ2 ወደ 7 ወጣ። በሦስተኛው መብራት ጠፋና የግማሽ ቀን ሥራችን ሳይቀመጥ ቀረ። ሁለት ልጆች አለቀሱ ብላችሁ ታምናላችሁ? እውነት ነው።

ያኔ አንዲት ተማሪያችን አባቷን ይዛ መጣች። አዘዞ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። የአዘዞን ዋልካ አፈር የሚያውቅ ሰው ክረምት ላይ ውኃ እንዴት እንደሚቋጥር መንገር አያስፈልገውም። ስክሪኑን ትንሽ አዩና «ልጆቼ፣ ውኃውን የት ነው የምትደፉት?» አሉ። መላ ክበቡ ጸጥ አለ። «አርቃችሁ ካልደፋችሁ ያንኑ ውኃ ነው ስትቀዱ የምትውሉት።» ቀጥለው የሲሚንቶ ቀለበት እንዴት እንደሚወርድ ነገሩን። ቀለበቱ አፉ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ሲቆፈር በራሱ ክብደት ይሰምጣል፤ ሌላው ከላይ ይደረባል። ፓምፕ ውኃውን አይጨርሰውም፣ ቀለበቱ እስኪገባ ድረስ ፋታ ይሰጣል እንጂ፣ አሉን። አንድ ነገር ደግሞ ጠበቅ አድርገው ተናገሩ። የፓምፕ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ ሰው ይገድላል። ይህንን ለወላጆቻችሁም ንገሩልኝ።

ከዚያ በኋላ አሠራራችን ተለወጠ። መጀመሪያ ጉድጓዱን አጠበብነው፤ በሰፋ ቁጥር ውኃ የሚያፈልቀው ጎን ይበዛልና። ረጅም ቦይ ቆፍረን የተፋውን ውኃ ከኮረብታው ጀርባ አወረድነው። ሁለት ፓምፕ አዟሪዎች በፈረቃ መደብን። ሌሎቹ ድንክዬዎች ግንድ ተሸክመው ዳር ቆመው ጠበቁ። ቁጥሩ 3 ሲሆን ገቡና አንዱን ጎን በእንጨት ግድግዳ ዘጉ። ወጡ። እንደገና ተቀዳ። እንደገና ገቡ። አንዱን ፎቅ ለመጨረስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። የላይኛው ንብርብር አሸዋ ስለነበር ግድግዳ መገንባት ግድ ነበር። ሁለተኛው ድንጋይ ነው። ድንጋይ ሲሆን ጎኑን ማለስለስ ብቻ ውኃውን ያቆመዋል፤ ስለዚህ ቶሎ አለፍነው።

ግንቦት ላይ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከሥር ደረቅ ድንጋይ ወጣ። ፓምፑን አስቆምን። ሁሉም ጉድጓዱ ላይ አፈጠጠ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። አንዲት ቁጥር አልታየችም። የባለጉድጓዱ ልጅ ቀና ብላ «መምህር፣ ለአባቴ ልደውልለት?» አለችኝ። ስልኬን ሰጠኋት።

በሚቀጥለው ዓመት ድንክዬዎቹን አሳርፈን ፓምፑን በንፋስ ኃይል ለማዞር አስበናል። አንድ ፓምፕ በጌሙ መለኪያ 10 ኃይል ይፈልጋል፤ የንፋስ ወፍጮው በተመረጠው ቦታ ስንት እንደሚሰጥ ገና አልለካንም። የዘንድሮው ሥራ ያለበት ፍላሽ በላቦራቶሪው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የላይኛው መሳቢያ ላይ ነው። ምዝገባ መስከረም ላይ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ይሆናል። የላስቲክ ቱቦ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።