ያላነበብኩት ሁለት ገጽ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዳኛው፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ይቺን አረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍናት ታስታውሳለህ? ወይዘሮ ስሂን ስንማር፣ ልጆቻቸው ጅዳና ቤሩት ለሄዱባቸው የሰፈር እናቶች ደብዳቤ ስንጽፍ መነሻችን ሁሌ እሷ ነበረች። አንተ ትጽፋለህ፣ እኔ ፖስታው ላይ አድራሻ እሞላለሁ። ክፍያችን ቆሎና አንድ ስኒ ቡና። ዛሬ ግን ከበደችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ "ካንተ ናፍቆት በስተቀር" ስል እጄን ያዝ አደረገኝ።

ደሴ ነኝ። ከመጣሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው። አዎ፣ ዘጠኝ ቀን! ካንተ 25 ኪሎ ሜትር ርቄ ቁጭ ብዬ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። ትናንት መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ነበር። ረዳቱ "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል። የቀረው ሰው እኔ ነበርኩ። ዓይኑን አይቼ ዞር አልኩና ወደ ፒያሳ ተመለስኩ። አሁን አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነኝ። የጦሳን ተራራ ጉም ይሸፍነዋል፣ ይገልጠዋል። ፊት ለፊት ካወራሁህ ጠበቃ እሆንብሃለሁ። በወረቀት ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገርህ፤ ጥፋቴም እዚያው ውስጥ ነው ያለው። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ "የአሜሪካንን መንግሥት ያማክራል" ትላለች። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ነው ሌላውን እንዳማክር የሚልከኝ። እዚያ ንግድ ሚኒስቴር ውስጥ የንግድ ሕግ ልማት ፕሮግራም የሚባል ክፍል አለ። የተጀመረው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። የሶቭየት ጎራ ፈርሶ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ለግል ንግድ የሚሆን ሕግ ሲቸግራቸው ማለት ነው። አሁን አፍሪካም እስያም ይሠራል። አንድ መንግሥት "የኪሳራ ሕጋችንን ማሻሻል እንፈልጋለን" ወይም "ዳኞቻችንን አሠልጥኑልን" ይላል። እኛ ሻንጣችንን ይዘን እንሄዳለን። ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አብረን እናነባለን። "ውሳኔው የእናንተ ነው" እንላቸዋለን። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ አንዳንዴ በልቤ ወስኜ ነበር የምሄደው።

የእኔ ድርሻ የብድር መያዣ ነው። ባንክ የሚፈልገው ቤት ነው። ገበሬው ያለው በሬ ነው፣ ነጋዴው ያለው ጆንያ እህል ነው። በእኛ በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የሚንቀሳቀስ ነገር ስታስይዝ ዕቃው ከእጅህ መውጣት ነበረበት። ታዲያ በሬህን አስረክበህ በምን ታርሳለህ? የስፌት መኪናህን ሰጥተህ በምን ትሰፋለህ? አዲሱ አካሄድ ዕቃው እጅህ ላይ ይቆይ፣ መያዣነቱ መዝገብ ላይ ይስፈር የሚል ነው። ሌላ አበዳሪ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ይጠነቀቃል። ጋና በ2010 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ መዝገብ ከፈተች። እኛ አገርም በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1147 ወጣ፤ መዝገቡ ብሔራዊ ባንክ ነው። የቁም ከብትም ይያዛል። የባቲ ግመል ምንም ሳያውቅ ለባንክ ተይዞ ሲያመነዥክ ይታይህ።

እንዲህ ስነግርህ ቀላል ይመስላል። አንድ አገር ሄጄ (ስሟን አልጽፍም፣ ሥራዬ ነው) ሁለት ቀን ሙሉ ሳስተምር የተሰብሳቢው ፊት አልፈታ አለኝ። ለካስ አስተርጓሚው "ሴኪዩሪቲ" የሚለውን መያዣ በማለት ፈንታ "ጸጥታ" እያለ ነበር የሚተረጉመው። የባንክ ሠራተኞቹ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ጸጥታ ጉዳይ ሲማሩ ዋሉ። አንዱ በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብሎ "ይቅርታ፣ ፍየል ከጸጥታ ጋር ምን አገናኛት?" ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ያቺ አገር ሌላም ነገር አስተምራኛለች። በሦስተኛው ቀን ነጋዴዎች ተጋብዘው ነበር። አንዲት ፍየል ነጋዴ፣ የእናትህ እኩያ ብትሆን ነው፣ እጇን አወጣች። "የተያዘችዋን ፍየል ካልተያዘችው በምን ትለያላችሁ?" አለች። እኔ ሱፌን ለብሼ፣ "ጆሮዋ ላይ ቁጥር ይደረጋል" አልኩ። "ሌባው ጆሮዋን ይቆርጠዋላ!" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ወዲያው አባባ ትዝ አለኝ።

አንድ ሰኞ አንተም አብረኸን ነበርክ። ባቲ በሬ ሊገዛ ወስዶን። በሬውን ዞሮ አየ፣ ጥርሱን አየ፣ ዋጋውን ጨረሰ። ከዚያ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ይዞ "ዋስህ ማነው?" አለው ሻጩን። ሻጩ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ጠራ። ሰውዬው መጣና የበሬውን ጀርባ መታ መታ አድርጎ "የራሱ ነው፣ እኔን በለኝ" አለ። አለቀ። አባባ ያን ሰው ያውቀዋል፣ የሰውየውን ቀዬ ያውቃል፣ በሬው የሌባ ሆኖ ቢገኝ ማን ደጃፍ እንደሚሄድ ያውቃል። መዝገቡ ሰው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጽሑፌን ዘግቼ ይኼን ነገርኳቸው። "እናንተ ዘንድስ ዋስ ማነው?" አልኩ። እስከ ማታ አወሩኝ። ረቂቁ ላይ እያንዳንዷ ፍየል እንድትገለጽ የሚያስገድድ አንቀጽ ነበር። በእነሱ ምክር በመንጋ እንዲገለጽ፣ የሚወለዱትም ግልገሎች አብረው እንዲያዙ የሚል ሐሳብ ቀረበ። በዚህ ሥራ ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ ያን ቀን እወደዋለሁ።

የኛን ንግድ ሕግ ያረቀቀው ማን እንደነበር ነግሬህ አውቃለሁ? ዣን ኤስካራ የሚባል የፓሪስ ፕሮፌሰር ነው። ከዚያ በፊት የቻይና መንግሥት የሕግ አማካሪ ነበር። የእኔው ሙያ ታላቅ ወንድም በለው። በ1955 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሳይጨርስ ሞተና አልፍሬድ ዦፍሬ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ጨረሰው። 1,177 አንቀጽ። በፈረንሳይኛ ተረቅቆ በአማርኛ ታወጀ። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ አገለገለ፤ የመድንና የቼኩ ክፍል አሁንም አለ። ስድሳ ዓመት ቀላል አይደለም፣ ሰውዬውን አልንቀውም። ግን አባባ ሱቅ ውስጥ ያ መጽሐፍ አንድም ቀን አልገባም። የገባው የዱቤ ደብተሩ ነው፣ ያ ጥግ ጥጉን ዘይት የጠጣው።

ሁሉም ቀን እንደ ፍየሎቹ ቀን አይደለም ታዲያ። ብዙ ዓመት የሠራነው ለደረጃ ነበር ማለት ይቻላል። የዓለም ባንክ ከ190 አገር ማን ለንግድ ይመቻል እያለ በየዓመቱ ደረጃ ያወጣ ነበር። የምትሄድበት ቢሮ ሁሉ "ይኼን ሕግ ብናወጣ ስንተኛ እንሆናለን?" ይልሃል። ሌሊቱን ሙሉ ነጥብ ስንደምር እናድር ነበር። ከዚያ ቁጥሮቹ ላይ መዛባት ተገኘና ባንኩ ሪፖርቱን ጭራሽ አቆመው። መስከረም 2014 ነበር። እኛ ቢሮ ሰው ሁሉ ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። እኔም አገር የፈረሰ መሰለኝ።

በወሩ የሆነውን አንተ ታውቀዋለህ። ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልምጣ።

በ2010 ዓ.ም. ወፍጮውን ልትከፍቱ ስትሉ የሽርክና ውሉን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክህልኝ። ሁለት ገጽ። "እየው እስቲ፣ ያንተ ዓይን ይሻላል" አልክ። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ፣ የሌላ አገር ረቂቅ ጭኔ ላይ ዘርግቼ። "አይቼዋለሁ፣ ችግር የለውም፣ ፈርም። መብሩክ!" ብዬ መለስኩልህ።

አላየሁትም ነበር። እህቴ ደውላ ቤትህን እንደሸጥክ ስትነግረኝ ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግሁት። ፎቶው እንደደበዘዘ ነው። ዳውንሎድ እንኳን አላደረግኩትም። ያኔ ነው የነካሁት፣ ያኔ ነው የጠራው። የጠረጴዛችሁ ላስቲክ ይታያል፣ አበባ አበባ ያለው። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው ከፍ ብሎ፣ "ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው" ይላል።

የሕግ ተማሪ በሁለተኛ ዓመቱ ያውቃታል ይቺን። አንዱ ሸሪክ ከጠፋ ሌላው ሙሉውን ይከፍላል ማለት ናት። ባነበው ኖሮ "ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አድርጉት" እልህ ነበር። በጊዜው ሁለት ሰውና 15 ሺህ ብር ካፒታል ይበቃው ነበር። ሁለታችሁም ነበራችሁ፣ ብሩም ነበራችሁ። "ባንኩ እንደሆነ ያው ቤት ያስይዘኝ ነበር" ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ለባንክ ብድር ቢሆን ሕጉ አያድንህም ነበር። ግን አንተን ቤት ያሸጠህ የባንክ ዕዳ አይደለም። በዱቤ የወሰዳችሁት ስንዴ ነው። ያ ዕዳ የማኅበሩ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ደጃፍህን አያንኳኳም ነበር።

ሞተሩን ነቅለው እንደወሰዱት ሰምቻለሁ። ሚዛኑ እንኳን አልቀረም አሉ። እህል ያበደሩህም ሰዎች ተዘርፈው ስለነበር ሊምሩህ አልቻሉም፤ አልፈርድባቸውም። ሸሪክህ ወጥቶ አልተመለሰም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ዕዳው በአራት ጊዜ እንዲከፈል እንደተወሰነልህም እህቴ ነገረችኝ። የቅሬው፣ የዕድሩ ሰው ሁሉ አብሮህ ተቀመጠ አሉ። ይኼን ስሰማ ምን ተሰማኝ መሰለህ? እኔ አገር ለአገር እየዞርኩ "መልሶ ማደራጀት" እያልኩ የማስተምረው እሱን ነው። አበዳሪዎችን ሰብስብ፣ ጊዜ ስጥ፣ ሰውዬውን አትግደለው። አዲሱ ንግድ ሕጋችንም አስገብቶታል። አንተ ግን ያለ እኔ አደረግከው። እዚያ ምንጣፍ ላይ አጠገብህ መቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? የሰው አገር ሕግ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር አነባለሁ። ያንተን ሁለት ገጽ ናቅኋት። ከዚያ አፈርኩ። ሲያፍሩ ደግሞ መደወል ይቀራል። አንድ ወር ሲሆን "በሚቀጥለው ወር" ትላለህ። ዓመት ሲሆን ምን ብለህ ትጀምራለህ?

ትዝ ይልሃል ለምን ዳኛው እንዳልንህ? ሆጤ ኳስ ስንጫወት ሁላችንም እንዋሻለን፣ አንተ ግን ኳስ በእጅህ ስትነካ ማንም ሳያይህ "ነክቻለሁ" ትል ነበር። ቡድናችን ስንት ጊዜ ተሸነፈብህ! ዲግሪውን እኔ ያዝኩት እንጂ ስሙ ላንተ ነበር የሚገባው። እንግዲህ እኔም ነክቻለሁ።

ገንዘብ አልልክልህም፣ እንደምትመልሰው አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን አለ። ከድርሻህ በላይ የከፈልከውን ከሸሪክህ የመጠየቅ መብት አለህ። የውል ጥያቄ ይርጋው፣ ማለት ክስ የሚቀርብበት ጊዜ፣ በመሠረቱ 10 ዓመት ነው፣ ገና ጊዜ አለ። እኔ እዚህ የጥብቅና ፈቃድ የለኝም፣ ፓስፖርቴም የሰው አገር ነው፣ የምገባው በትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ነው። ግን ደሴ ውስጥ አንድ ጠበቃ አነጋግሬያለሁ። ወረቀቱን ካየ በኋላ ያዋጣል አያዋጣም ይነግርሃል። ክሱን አልፈልግም ካልክም ገባኝ፤ ሰውየውም የተዘረፈ ነው።

ይኼን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ያደርስልሃል። እሁድ በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። ማየት ካልፈለግህ ለልጁ ንገረው፣ አልቀየምም። ከፈለግህ ግን እናትህ ጀበናውን ይጣዱት፣ አቦሉ ላይ እደርሳለሁ። ዋናው የውሉ ወረቀት ካለም አውጣው። ፎቶው ላይ አንደኛው ገጽ ጥጉ ተቆርጧል፣ ሦስት መስመር አይነበብም።

ወንድምህ
ደሴ፣ ፒያሳ